እግር የሚያውቀው ቦታ

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰመር የቅርጫት ኳስ ስልጠናችን ሲያበቃ ለልጆችና ለወላጆች የተናገርኩት ነው። «ጽፈሽ ላኪልን» ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከፊት ወንበር አለ። ልጆች መሬት ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ። ቡናው እየተፈላ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ጆሯችሁን አውሱኝ።

መጀመሪያ ወላጆችን ላመስግን። ስምንት ሳምንት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ፣ ጠዋት ልጁን እዚህ አድርሶ፣ መኪናው ውስጥ ትንሽ ሸለብ አድርጎት የሚነሳ አባት አይቻለሁ። የሆስፒታል ፈረቃዋን ጨርሳ ልብሷን ሳትቀይር የምትመጣ እናት አይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ከልቤ ነው።

እንግዲህ ዛሬ እንድናገር ስጠየቅ «ስለ ጽናት ንገሪያቸው፣ ስለ ዲሲፕሊን ንገሪያቸው» ተብዬ ነበር። እኔ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የማወራው። ሜዳ ላይ ስለምትቆሙበት ቦታ።

ልጆች፣ አይናችሁን ጨፍኑ። ሁላችሁም። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ሰከንድ ቀርቶታል። በአንድ ነጥብ እየተመራችሁ ነው። ኳሱ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። የት ቆማችሁ ብትቀበሉት ደስ ይላችኋል? ቀኝ ጥግ? ግራ? መሃል? ቦርዱ ስር? ... አሁን ግለጡ። ቦታው ቁልጭ ብሎ የታየው እጁን ያውጣ! ... ግማሽ አትሞሉም። ጥሩ። እጃችሁን ላላወጣችሁት ነው የማወራው።

ሦስት ነገር ነው የምለው። አንደኛ፣ ይህ ቦታ ከየት እንደሚመጣ። ሁለተኛ፣ ሜዳው ሁሉ ለምን እኩል እንዳልሆነ። ሦስተኛ፣ የራሳችሁን ቦታ እንዴት እንደምታገኙት።

ከአንደኛው ልጀምር። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ የአስፋልት ሜዳ ነበረው። ሁለት ቦርድ አለ፤ የአንደኛው ሪንግ ተገንጥሎ ወድቋል፣ ማንም መልሶ አልሰቀለውም። ስለዚህ ሠላሳ አርባ ልጅ አንድ ሪንግ ላይ ነው የሚሻማው። መረብ ደግሞ የለውም። መረብ ከሌለ ኳስ መግባት አለመግባቷን በምን ታውቃላችሁ? በክርክር! ስንከራከር መሽቶብን ቤት ስንገባ የሚቆጡን ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ፣ ከሪንጉ በስተቀኝ፣ አስፋልቱ ሰምጦ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል። ውሃው ሲደርቅ ጠጠርና ጭቃ ይተዋል። ኳስ ስታነጥሩበት ወዴት እንደምትፈናጠር አታውቁም። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ሁላችንም በግራ። በግራ ድሪብል እናደርጋለን፣ በግራ እንቆማለን፣ ከግራ እንወረውራለን። ቦርዱ ቆርቆሮ ነበር፤ ቀለሙ ተልጦ አንድ ሳንቲም የምታህል የዛገች ምልክት ወጥታበት ነበር። ከግራ፣ ሰያፍ ቆሜ፣ ያቺን ዝገት ከመታኋት ኳሷ ትገባለች። ሁልጊዜ ትገባለች። ያቺን ዝገት ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታኋት ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ አገር መጥቼ፣ የሚያብረቀርቅ የእንጨት ወለል ያለው ጂም ገባሁ። ቦርዱ መስታወት ነው። መረቡ ነጭ ነው። ቀኙም ግራውም አንድ ነው፣ ጉድጓድ የለም። ኳስ አነሳሁ። እግሬ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ግራ ሄደ። ሰያፍ ቆምኩ። ወረወርኩ። ገባ። ለብቻዬ ቆሜ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ለምን ነገርኳችሁ? ብዙ ልጅ «እሱ ተሰጥኦ ነው፣ እሷ ስትወለድም እንዲሁ ናት» ይላል። የሚወደድ ቦታ አብሮን አይወለድም። ደጋግመን ስለቆምንበት ነው የምንወደው። እኔ ግራን የወደድኩት በቀኝ ጉድጓድ ስለነበረ ነው።

ከእኔ ይልቅ እናንተ የምታውቁትን ሰው ላንሳ። ቲም ደንካን። ልጆች፣ እናንተ ሲጫወት ካላያችሁት አባቶቻችሁን ጠይቋቸው። ይህ ሰው ከካሪቢያን ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከሴንት ክሮይ ነው የመጣው። ልጅ እያለ ዋናተኛ ነበር። ሕልሙ ኦሊምፒክ ነበር። በፈረንጆቹ 1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣና የደሴቲቱን ትልቅ መዋኛ ገንዳ አፈራረሰው። ባሕር ውስጥ እንዳይለማመድ ሻርክ ይፈራል። ስለዚህ ወደ ቅርጫት ኳስ ገባ። ዘግይቶ ጀምሮ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋር አምስት ዋንጫ በላ። አምስት! የእሱ ቦታ የት ነበር? ከሪንጉ በስተግራ፣ ሰያፍ። ፊቱን ወደ ሪንጉ ያዞራል፣ ኳሷን ከፍ ያደርጋል፣ ቦርዱ ላይ ካለችው አራት ማዕዘን ጋር ያጋጫታል። ገባ። ለተመልካች የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም። ከዚያ እንደሚወረውር ተከላካዩ ያውቃል፣ አሰልጣኙ ያውቃል፣ ቴሌቪዥን የሚያየው ሁሉ ያውቃል። ማስቆም ግን አይቻልም። እኔ ደንካንን ሳይ ያቺ የዛገች ምልክት ነበረች የምትታየኝ።

እዚያው ቡድን ውስጥ ብሩስ ቦወን የሚባል ተጫዋች ነበር። ይህን ስሙኝ፣ በጣም ነው የምወደው። ነፃ ውርወራ ታውቃላችሁ አይደል? ማንም አይነካህም፣ ማንም ፊትህ አይቆምም፣ መስመሩ ከቦርዱ 4.57 ሜትር ላይ ነው። ከሜዳው ሁሉ ቀላሉ ውርወራ እሱ መሆን አለበት። በ2002-03 የውድድር ዓመት ቦወን ከነፃ ውርወራ ያስገባው 40.4 በመቶ ነበር። ደካማ ነው። ከሦስት ነጥብ መስመርስ፣ ማለትም ከውጭው ወርውረህ ስታስገባ ሦስት ነጥብ ከሚሰጥህ የሩቅ መስመር? 44.1 በመቶ። በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ አንደኛ! ከሩቁ ከቅርቡ የበለጠ ያስገባል ማለት ነው። እንዴት ሆነ? ቦወን ጥጉን ያውቀዋል። ሌሎቹ መሃል ሲራኮቱ እሱ ጥጉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኳስ ስትመጣለት ቤቱ እንዳለ ሰው ነው። «ቅርብ ነው፣ ሩቅ ነው» ብቻ አይደለም ነገሩ። እግርህ የሚያውቀው ነው ወይስ የማያውቀው? ጥያቄው ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁን ታሪክ ልንገራችሁ። ይህን ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጁን 18 ቀን 2013፣ ማያሚ። የኤንቢኤ ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ፣ ስፐርስ ከማያሚ ጋር። ስፐርስ ሦስት ለሁለት እየመራ ነው፤ ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። ጥቂት ሰከንድ ቀርቶ 95 ለ92 ይመራል። ለዋንጫ አሰጣጡ የሜዳውን ዙሪያ የሚያጥሩበት ቢጫ ገመድ ወጥቷል። ከማያሚ ደጋፊዎች ቦታቸውን ለቀው የወጡ አሉ። የማያሚው ሌብሮን ጄምስ ሦስት ነጥብ ወረወረ። ሳተ። የቡድን ጓደኛው ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን፣ ማለትም ሳይገባ የተመለሰውን ኳስ፣ ያዘ። በዚህ ጊዜ ሌላው የማያሚ ተጫዋች፣ የ37 ዓመቱ ሬይ አለን፣ ቦርዱ አካባቢ ነበር። ምን አደረገ? ዞሮ አልሮጠም። ፊቱን ወደ ኳሷ እንዳደረገ ወደኋላ፣ ወደኋላ፣ ወደኋላ ሄደ። ወደ ቀኝ ጥግ። ወደ መሬት አልተመለከተም። ኳሷ መጣች፣ ወረወረ፣ ገባች። 95 እኩል። 5.2 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

አሁን ልጆች ቦታውን አስቡት። ጥጉ ላይ በሦስት ነጥብ መስመሩና በሜዳው ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት 91 ሴንቲሜትር ነው። አንድ እርምጃ ነው! ጣትህ መስመሩን ከነካ ሁለት ነጥብ ይሆናል፣ ቡድንህ ተሸነፈ። ተረከዝህ ጠርዙን ከነካ ኳሱ ለሌላው ቡድን ነው፣ ቡድንህ ተሸነፈ። ይህ ሰው ግን ወደኋላ እየሄደ፣ ሳያይ፣ ልክ መሃሉ ላይ ቆመ። ዕድል ነው? አይደለም። ሬይ አለን ከዓመታት በፊት ጀምሮ ለብቻው የሚሠራው አንድ ልምምድ ነበረው። ቦርዱ ስር መሬት ላይ ይተኛል። ብድግ ይላል። ወደኋላ ወደ ጥጉ ይሄዳል። መስመሩን ሳይረግጥ ፓስ ተቀብሎ ይወረውራል። ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። ማንም በማያይበት ጂም ውስጥ፣ አንድም ቀን ላይመጣ ለሚችል ሰከንድ ማለት ነው። ያ ሰከንድ መጣ። ሲመጣ ጭንቅላቱ እንዲያስብ ጊዜ አልነበረም። እግሩ ያውቅ ነበር። እግሩ ያውቅ ነበር!

(እናቶች፣ ቡናው ሸተተኝ። ቶሎ እላለሁ።)

ሁለተኛው ነገር፣ ሜዳው እኩል አይደለም። ይህን አጠር አድርጌ እናገራለሁ። በኤንቢኤ ሜዳ የሦስት ነጥብ መስመሩ መሃል ላይ ከሪንጉ 7.24 ሜትር ይርቃል፤ ጥጉ ላይ 6.70 አካባቢ ነው። ግማሽ ሜትር ይቀርባል፣ ነጥቡ ግን ያው ሦስት ነው። ለዚህ ነው ቡድኖች ጥጉ ላይ ሰው ማስቀመጥ የሚወዱት። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ሜዳ መሃሉ 6.75፣ ጥጉ 6.60 ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። እናንተ ሃይስኩል የምትገቡ ልጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሃይስኩል መስመር ጥጉም መሃሉም ያው 6.02 ሜትር ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥን አይታችሁ «ጥጉ ይቀርባል» ብላችሁ አትሩጡ። ለእናንተ አይቀርብም።

ከሜትሩ ሌላ ዓይንም አለ። ጥግ ስትቆሙ ቦርዱ በጎኑ ነው የሚታያችሁ፤ ኳሷ ብትረዝም የሚመልስላችሁ ነገር የለም፣ ሪንጉ ብቻውን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ሰያፍ ስትቆሙ ቦርዱ ጓደኛችሁ ነው። መሃል ስትቆሙ ደግሞ ሪንጉን ፊት ለፊት ታያላችሁ፣ ተከላካዩም እናንተን ፊት ለፊት ያያችኋል።

ሒሳቡስ? ከአሥር ባለ ሁለት ነጥብ ውርወራ አምስቱን ብታስገቡ አሥር ነጥብ ነው። ከአሥር ባለ ሦስት ነጥብ አራቱን ብታስገቡ አሥራ ሁለት። ይህቺ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ናት ጨዋታውን የቀየረችው። ኤንቢኤ መስመሩን ባስገባበት በ1979-80 አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ3 ያነሰ ሦስት ነጥብ ነበር የሚሞክረው። በ2024-25 ከ37 በላይ! ስቴፈን ከሪ በ2015-16 ብቻውን 402 አስገባ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሜዳ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መሃል፣ ሦስት ነጥብ መስመሩ ላይ ቆሞ ይወረውራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሚያሳስበኝ ነገር ስለሆነ ነው። ከሪን እወደዋለሁ። ከሪ ከዚያ የሚወረውረው ግን ቦታው ስለሆነ ነው። የእናንተ ቦታ ነው ወይ? ሻኪል ኦኒል በሥራ ዘመኑ ሁሉ 28,596 ነጥብ ሲያስቆጥር ስንት ሦስት ነጥብ አስገባ? አንድ! አንድ ብቻ። ቦታው ሪንጉ ስር ነበር፣ አወቀው፣ አልለቀቀውም። ዲርክ ኖቪትስኪ 2 ሜትር ከ13 የሚረዝም ሰው ነው፤ ነፃ ውርወራው መስመር አካባቢ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዞሮ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ወደኋላ እያጋደለ ይወረውር ነበር። ሲያዩት የሚወድቅ ይመስላል። ይህን ውርወራ ከአማካሪው ጋር ጀርመን ውስጥ ነው የሠራው። በ2011 በኦክላሆማ ሲቲ ላይ 48 ነጥብ ያስቆጠረበት ጨዋታ አለ፤ ከ24 ነፃ ውርወራ 24ቱንም አስገብቷል። በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። ዛሬ ዳላስ ሜዳው ደጃፍ ላይ ሐውልት ቆሞለታል፣ ሐውልቱም በአንድ እግሩ እንደቆመ ነው። የሰውየውን ቦታና አቋቋም ሐውልት አደረጉለት!

ሴቶች ልጆች፣ እናንተን አልረሳኋችሁም። ኬትሊን ክላርክን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 የኤንሲኤኤን (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበርን) የዲቪዚዮን አንድ ሴቶች የነጥብ ክብረወሰን ስትሰብር ኳሷን ከየት ወረወረችው? መሃል ሜዳው ላይ ካለው አርማ አጠገብ። በዚያ ማታ 49 ነጥብ አስቆጠረች። ከሪንጉ ያን ያህል ርቃ «ይሄ የኔ ቦታ ነው» ያለች ልጅ ናት። እኔ ልጅ ሆኜ ሴት ኳስ ይዛ ስትታይ «ወደ ቤትሽ ግቢ» ነበር የምትባለው። ስለዚህ እሷን ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይሞላል።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። የራሳችሁን ቦታ እንዴት ታገኙታላችሁ? በስሜት አይደለም። በደብተር ነው።

የእህቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ፈቅዶልኛል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። «ቦታዬ መሃል ነው፣ ፊት ለፊት ነው» ይል ነበር። እሺ፣ እንቁጠረው አልኩት። ሰባት ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግን። ሁለቱ ጥግ፣ ሁለቱ ሰያፍ፣ መሃል፣ ከነፃ ውርወራው መስመር ግራና ቀኝ። ከየቦታው በቀን አሥር ውርወራ። የሚቆጥርልን ሰው አጣን። እናቴ፣ ማለትም አያቱ፣ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔ እቆጥራለሁ» አለች። ባስኬት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ኳሷ በቀለበቱ ስታልፍ ግን ታያለች። ሰባት ስኒ ደረደረች፣ ሽምብራ ያዘች። አንድ በገባ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ስኒው። ማታ ሽምብራውን ትቆጥራለች፣ እሱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ስንደምር መሃሉ፣ «የኔ ነው» ያለው ቦታ፣ ከሰባቱ አምስተኛ ወጣ። አንደኛው የት ነበር? ከነፃ ውርወራው መስመር በስተቀኝ። አንድም ቀን ተናግሮለት የማያውቀው ቦታ። ልጁ አላመነም። እናቴ ግን «እኔ ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ ያ ስኒ ቶሎ ይሞላል» አለች። አያችሁ? ስለ ጨዋታው ምንም የማታውቅ አሮጊት ከእኔ ከአሰልጣኟ በፊት አወቀችው፣ ምክንያቱም ቆጠረች። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሳሰለጥን ያልገባኝን ነገር ነው እናቴ በሽምብራ ያስተማረችኝ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልለምናችሁ። «እኔ ስለ ባስኬት ምን አውቃለሁ» አትበሉ። ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ሪንጉ ስር ቁሙና ኳሷን መልሱለት። ቁጠሩለት። በሳምንት ግማሽ ሰዓት። ልጁ ከውርወራው ይልቅ የሚያስታውሰው ማን ኳስ ይመልስለት እንደነበረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦታችሁን ካወቃችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ። ቦሽ ኳሷን ያዘ እንጂ ሬይ አለን የት እንደሚሆን ባያውቅ ምን ዋጋ አለው? በኤንቢኤ የሦስት ነጥብ ውድድር አምስት መደርደሪያ አለ፣ እያንዳንዱ ላይ አምስት ኳስ። መደበኛው ኳስ እዚያ አንድ ነጥብ ነው፤ ከ2014 ጀምሮ ግን ከመደርደሪያዎቹ በአንዱ ላይ ያሉት ኳሶች ሁሉ ሁለት ሁለት ነጥብ ናቸው፤ የት እንደሚቀመጥ የሚመርጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ዓለም ሁሉ እያየ «የኔ ቦታ እዚህ ነው» ብሎ ይናገራል። አያፍርም፣ አይደብቅም። እናንተስ? ባለፈው ቅዳሜ ተጫዋቾቼን «ያጠገብሽ ልጅ የት ቆማ መቀበል ትወዳለች?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የሰጠችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ነች። ስምንት ሳምንት አብራችሁ ተጫውታችሁ!

ቦታችሁ ግን እስር ቤት እንዳይሆንባችሁ። ተከላካይ ብልህ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካስገባችሁ ሦስተኛውን ይዘጋዋል። የሜዳ ካርታ የሠራ ከርክ ጎልድስቤሪ የሚባል የጂኦግራፊ ምሁር በ2012 ባቀረበው ጥናት ከብዙ ቦታ በብቃት የሚወረውር ማን እንደሆነ ቆጥሮ ነበር። አንደኛ ስቲቭ ናሽ፣ ሁለተኛ ሬይ አለን። ያ የጥጉ ሰው ሬይ አለን! የሚያውቀው ጥጉን ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ ቦታ። ከዚያ ጎረቤቱ።

በቃ፣ ቡናው ደርሷል፣ እናቶች ወደዚያ። ልጆች ግን ከእኔ ጋር ወደ ሜዳ። ኳሶቹ በሩ አጠገብ ናቸው፣ ጠመኔ እዚህ አለ። እያንዳንዳችሁ የምትገምቱት ቦታ ላይ ስማችሁን ጻፉ፣ ከዚያም ከሁሉም ቦታ አሥር አሥር። አባቶች፣ ሪንጉ ስር ሰው ያስፈልገኛል፤ ስኒ ይዘው የሚቆጥሩ ሁለት እናቶችም። ሽምብራው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።